ላይብረሪ ነኝ

ባለፈው ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለሰባት ተከታታይ ቅዳሜዎች ባለቤቴን ዋሸሁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላፕቶፔን አንግቼ፣ ልጆቼን ስሜ፣ «ላይብረሪ ነኝ፤ እስከ አሥር ሰዓት አትጠብቁኝ» ብዬ እወጣለሁ። ላይብረሪ ግን አልገባም። ከዩኒቨርሲቲው ትንሽ ቀደም ብዬ ከታክሲ እወርድና አንድ ካፌ ውስጥ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ማኪያቶ አዝዛለሁ። ላፕቶፑን ከፍቼ «ምዕራፍ አራት» የሚለውን ፋይል አወጣለሁ። ጥቂት አየት አደርገውና ስልኬን አነሳለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን ደክሞኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ድካሙ ደግሞ የውሸት አልነበረም። ሥራ ፊት ተቀምጦ ሳይሠሩ መዋል ድንጋይ ከመሸከም እንደማይተናነስ የደረሰበት ያውቀዋል።

ይህን ዛሬ መጻፍ የቻልኩት ስለጨረስኩ ነው። ያኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ግን ዞር ብዬ ስቆጥር፣ በቤተ ዘመዴና በመሥሪያ ቤቴ ብቻ ትዳር ይዘው፣ ልጅ እያሳደጉ፣ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዲግሪ ምርምር የጀመሩ ዘጠኝ ሰዎች አገኘሁ። ከዘጠኙ ሦስቱ «እንዴት ነው ጥናቱ?» ሲባሉ ወሬ ይቀይራሉ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

በወላጆቻችን ዘመን ይህ የቤተሰብ ጣጣ አልነበረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ዶክትሬቱን ደግሞ በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ማስተርስ የሚማር ሰው በአብዛኛው ውጭ አገር ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ደብዳቤና ፎቶግራፍ ይጠብቃል። የዛሬው ተማሪ ግን እዚሁ አጠገባችን ነው። ቀን ቢሮ ውሎ፣ ማታ ክፍል ገብቶ፣ ሌሊት አልጋው ጠርዝ ላይ ላፕቶፕ ታቅፎ ይቀመጣል። አለ እንዳይባል ሐሳቡ የለም፤ የለም እንዳይባል እራት ይበላል።

የመጀመሪያው ዓመት ደስ ይል ነበር። ኮርስ አለ፣ ፈተና አለ፣ ፈተናውም ቀን አለው፤ ደርሶ ያልፋል። ክፍል ውስጥ አብሮ የሚያማርር ጓደኛ አለ፤ የቴሌግራም ግሩፑ ሌሊት ሁሉ ሲንጫጫ ያድራል። ሁለተኛው ዓመት ላይ «በሉ እንግዲህ ጻፉ» ተባልን። ግሩፑ ጸጥ አለ። ሰኞ ጠዋት «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ የለም። ቤት ውስጥ ደግሞ ላፕቶፕ ፊት የተቀመጠ ሰው ሥራ የሚሠራ አይመስልም። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ፣ እኔ ስለ ናሙና አመራረጥ እያነበብኩ ሳለ፣ «እንዲያው ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ ሽንኩርቱን አትልጪልኝም?» ብላኛለች። ላጥኩላት።

ጥናቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ እናቶች ከወሊድ ፈቃድ ሲመለሱ ልጃቸውን የት ያውላሉ የሚል ነበር። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር። የተቋቋመበትም ያልተቋቋመበትም አለ። እኔ ይህን ለማጥናት ከቢሮ ቢሮ ስዞር የሁለት ዓመት ልጄን የማውልበት አጥቼ አማቴ ጋ እየወሰድኩ አስቀምጣት ነበር።

ስለ ደብዳቤው ነገር ትንሽ ልበል፤ ማንም ቀድሞ አልነገረኝምና። መረጃ ለመሰብሰብ ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይጻፍላችኋል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፤ ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው ይመራል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሲመለሱ ወደሚመለከተው ክፍል ይመሩታል፤ የሚመለከተው ክፍል ደግሞ አይመለከተኝም ይላል። አንድ ቦታ ለፊርማ ብቻ 19 ቀን ተመላልሻለሁ። ከዚህ የተማርኩት ጥቂት ነገር አለ። ደብዳቤውን ለየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻ፣ ማኅተም ያረፈበት ዋና ቅጂ አስጽፉ፤ ፎቶ ኮፒ የማይቀበሉ አሉ። ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከሁሉም በላይ ጸሐፊዋን በስሟ ጥሯት፤ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳደረ የምታውቀው እሷ ናት።

ሃያ ሁለት እናቶችን አነጋገርኩ፤ በድምፅ መቅረጽ ደስ የሚል ሥራ ነው። የከበደው ቅጂውን ወደ ጽሑፍ መገልበጡ ነው። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ስድስትና ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ማዳመጥ፣ ማቆም፣ መጻፍ፣ ወደ ኋላ መመለስ። ያ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ሴቶቹ የተናገሩት በአማርኛ፣ ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አንዷ እናት «ቢሮ ስገባ፣ እስክወጣ ድረስ ሆዴን ባር ባር ይለዋል» አለችኝ። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመተርጎም አንድ ሙሉ ምሽት አጠፋሁ። እንግሊዝኛው «ፈራሁ» አለው፣ «ናፈቀኝ» አለው፣ «ከፋኝ» አለው። አንዱም አልሆነም።

እንግዲህ መስከረም መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎችና የአራተኛውን ጥቂት ገጾች ለአማካሪዬ ላክሁ። በሳምንቱ ኮሜንቱ መጣ። ገጾቹ በቀይ ተሞልተዋል። ያ አልጎዳኝም፤ እርማት ለመድኩ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ከሁሉ በላይ የተጨነቅሁበት አንቀጽ ጎን፣ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎ አየሁ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «እና ምን ይጠበስ?» እንደ ማለት ነው።

ፋይሉን ዘጋሁት። ነገ እመልሳለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ። ሳምንት ሲሞላ ማፈር ጀመርኩ፤ «ሳምንት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?» ይለኛል ብዬ። ወር ሲሆን ደግሞ ባዶ እጄን ከምቀርብ ብዙ ጽፌ ብቀርብ ይሻላል አልኩ። ብዙ ለመጻፍ መቀመጥ አለብኝ፤ ስቀመጥ ያቺ ሁለት ቃል ትታየኛለች። ኢሜይል መክፈት ራሱ ፈራሁ። የአማካሪዬን የመሰለ ኮት የለበሰ ሰው መንገድ ላይ ሳይ ልቤ ይደነግጥ ነበር። ቤት ውስጥ ግን ሁሉም በኔ ኮርቷል። አማቴ ለጎረቤት «ምራቴ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትይዝ ነው» ትላለች። ለልጆቹ የሚቆረጠው ጊዜ፣ ለኮፒና ለታክሲ የሚወጣው ገንዘብ፣ ባለቤቴ ብቻውን ያሳለፋቸው ቅዳሜዎች ሁሉ እዚህ ላይ ተቆልለዋል። ይህ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ «ቆሜያለሁ» ማለት አልቻልኩም። እናም «ላይብረሪ ነኝ» ማለት መጣ።

በሰባተኛው ቅዳሜ፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ደወለ። አላነሳሁም። ላይብረሪ ውስጥ ስልክ አይነሳማ! ደግሞ ደወለ። «ላይብረሪ ነኝ፤ በኋላ እደውላለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «እኔም በሩ ላይ ነኝ።»

ትንሿ ልጄን ትኩሳት ይዟት ኖሯል። ወደ ክሊኒክ ሲወስዳት፣ ዩኒቨርሲቲው በመንገዱ ላይ ስለሆነ፣ ይዞኝ ሊሄድ ጎራ ብሎ ነበር። ልጅ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ነው መልእክቴን ያነበበው። ሮጬ ደረስኩ። ክሊኒክ ሄድን፤ ቶንሲል ነው ተባለ፤ መድኃኒት ታዘዘላት። በታክሲው ውስጥ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋና «ሌላ ሰው አለ?» አለኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ሌላ ሰው ቢኖር ይቀል ነበር ብዬ አሰብኩ። ቢያንስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ስለ ምዕራፍ አራት ምን ተብሎ ይነገራል? አልመለስኩለትም። ላፕቶፑን አምጥቼ ፋይሉን ከፈትኩና መጨረሻ የተነካበትን ቀን አሳየሁት። መስከረም። ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ እፎይ አለ።

ባለቤቴ የሂሳብ ባለሙያ ነው። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ ይቆጥራል። «ስንት ቃለ መጠይቅ ነው ያልተገለበጠው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የተጨነቅሁበትን ነገር ልኩን አላውቀውም። ተቀምጠን ቆጠርን፤ ዘጠኙ ተገልብጧል፣ አሥራ ሦስት ቀርቷል። ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር ገለበጠና በጀርባው ከ1 እስከ 13 ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። አሥራ ሦስት ነገር ያልቃል። «ቴሲስ» የሚባለው ነገር ነው የማያልቀው።

በኋላ ሳነብ ነው ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በቤልጅየም ፍላንደርስ 3659 የዶክትሬት ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ለድብርት፣ የተጋለጠ ሆኖ አግኝቷል። መብራት በማይጠፋበት አገር! ከችግሩ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች መካከል የሥራና የቤተሰብ ሕይወት መጋጨት አንዱ ነው፤ አማካሪው የሚመራበት መንገድም እንዲሁ። «እኔ እኮ ለዚህ የምበቃ አይደለሁም፤ አንድ ቀን ይነቃብኛል» የሚለውን ስሜት ደግሞ ፖሊን ክላንስና ሱዛን ኢምስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ነው ስም ያወጡለት፤ ያጠኑትም የተማሩና የተሳካላቸው ሴቶችን ነበር። ስም ያለው መሆኑ ብቻ ትንሽ አቀለለኝ።

በማግስቱ ለአማካሪዬ ጻፍኩ። ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ አጠፋሁ። የሄደው ሰባተኛው አራት መስመር ነበር፤ ለሦስት ወር ምንም እንዳልሠራሁ፣ አራተኛው ምዕራፍ ላይ እንደቆምኩ፣ አሥራ ሦስት ቃለ መጠይቅ እንደሚቀረኝና በሚመቸው ቀን ሃያ ደቂቃ እንዲሰጠኝ። ምክንያት አልደረደርኩም። በሁለተኛው ቀን «ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ነይ» አለኝ። ሄድኩ። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «መስክ ላይ ያለሽ መስሎኝ ነበር።» ሦስት ወር ሙሉ በሐሳቤ ሲቆጣኝ የኖረው ሰው አለመጻፌን እንኳ ልብ አላለም። ያቺን ሁለት ቃልም ጠየቅሁት። ከአንቀጹ በኋላ «ስለዚህ ምን ይታያል?» የሚለውን ጨምሪበት ለማለት ነው አለኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። የቸኮለ ሰው ጽፏት እኔ ሦስት ወር ተሸከምኳት። አማካሪዎችም ብታነቡ አይከፋኝም፤ ሁለት ቃል ጨምሩ።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ሥርዓት ተለወጠ። የምንኖረው ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የጥናት ክፍል የሚባል ነገር የለንም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል የእኔ ሆነ፤ በዚያ ሰዓት ኔትወርኩም ፈጣን ነው፣ መብራትም አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ ልጆቹን አማቴ ጋ ይወስዳል። ቤት ውስጥ እያለሁ ደግሞ አንድ ምልክት አወጣን፤ ጋቢዬን ከለበስኩ ላይብረሪ ነኝ። ትልቋ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከማንም በላይ ሕጉን ያስከበረችው እሷ ናት። ሰው በር ሲያንኳኳ «እማዬ ላይብረሪ ናት» ትላለች፤ እኔ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ጋቢ ለብሼ ተቀምጫለሁ።

ማኅበራዊ ኑሮን ብዙ ሰው «ሁሉን ተዪው» ብሎ ይመክራል። እኛ አገር አይሆንም። ለቅሶ የማይደርስ ሰው በኋላ ራሱ የሚደርስለት ያጣል። ስለዚህ ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ሰርግ፣ ክርስትናና ልደት ግን እስከ ሰኔ ድረስ ባለቤቴ ይወክለኛል ብዬ ለቤተ ዘመድ በግልጽ ተናገርኩ። የተቀየመ ነበር፤ አንዲት አክስቴ እስካሁን አልለቀቀችኝም። ቀድሜ ባልናገር ኖሮ ግን ሁሉም ይቀየሙ ነበር።

ገንዘቡንም ቁጭ ብለን አወጣነው። ኢንተርኔት፣ ታክሲ፣ ኮፒ፣ ጥረዛ በየወሩ ከአስቤዛ ላይ እየተሸራረፉ ነበር የሚሄዱት፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ነበር የሚነሳው። በቤት ወጪ ዝርዝር ላይ እንደ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ መስመር ሲሰጠው ጭቅጭቁ ቆመ። ፋይሉን ደግሞ በየማታው ለራሴ ኢሜይልና ቴሌግራም መላክ ልማድ አደረግሁ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ ብቻ ያስቀመጠውን ሥራ ቫይረስ በልቶበት ከዜሮ ጀምሯል። ዋቢ ጽሑፎችንም እንደ ዞቴሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ላይ ከመጀመሪያው ቀን መዝግቡ፤ እኔ መጨረሻ ላይ በእጄ ስለቅም ሁለት ሳምንት ሄዶብኛል።

በሌላው ወገን ላላችሁትም፣ ባል ወይም ሚስት ምርምር ላይ ለሆነባችሁ፣ አንድ ነገር ልበል። ቢሮዬ ውስጥ ባሏ ስድስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ የሆነ ባልደረባ አለችኝ። «ቤት ውስጥ አለ፤ ግን እንደ እንግዳ ነው» ትለኛለች። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ የምታመጣ፣ የታመመ የምታስታምም እሷ ናት፤ እሱ ሲመረቅ ግን ካባውን የሚለብሰው ብቻውን ነው። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ብላ መጠየቅ ካቆመች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሲጠየቅ ስለሚቆጣ። ጥያቄውን ማቆሟ ትክክል አይመስለኝም። ለብቻዋ የተሸከመችው ሰው የማወቅ መብት አላት፤ የሚመረቅበትን ቀን ባያውቀው እንኳ በዚህ ወር ምን እንደሚቀረው መናገር ይችላል። መናገር ካልቻለ ምናልባት እንደኔ ልኩን አያውቀውም፤ ያኔ አብሮ መቁጠር ነው።

ሁሉም ሰው መጨረስ አለበት ብዬም አላምንም። ዶክትሬቷን በአምስተኛው ዓመት የተወች ጓደኛ አለችኝ። ወሬው አንድ ክረምት ቆየ፣ ከዚያ ተረሳ፤ እሷ ዛሬ ደህና እንቅልፍ ትተኛለች። ደግሞም እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ምግብ አልወርድ ካለ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ብቅ ካለ፣ ነገሩ ከመመረቂያ ጽሑፍ አልፏል። ካላንደር ላይ መጻፍ አይፈታውም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው፤ በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

አሥራ ሦስቱ ቃለ መጠይቆች የካቲት አጋማሽ ላይ አለቁ። ዲፌንሱ ሰኔ ላይ ነበር። ባለቤቴ ትልቋን ልጄን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ፤ ጋቢዬን አልለበስኩም ብላ ግራ ገብቷት ነበር። ስለ ሠንጠረዦቹ ብዙ ተዘጋጅቻለሁ፤ የውጭ ፈታኙ ግን ሠንጠረዦቹን ገልብጠው አለፉና፣ «ገጽ 64 ላይ ባር ባር ይለዋል የሚለውን ለምንድን ነው በአማርኛ የተውሽው?» አሉኝ። አንድ ምሽት ሙሉ ሞክሬ እንዳቃተኝ፣ የተመቸ ቃል ፈልጌ ከማጣምመው ሴትየዋ እንዳለችው ትቼ ከግርጌ በሦስት መስመር ማብራራት እንደመረጥኩ ነገርኳቸው። ስለ ማብራሪያው ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። «ልጇ ከእጇ ወጥቶ ሳለ፣ ደህና ነው እየተባለች፣ ሆዷ ግን እምቢ ሲላት ማለት ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ አላውቅበትም።

አለፍኩ፤ አሥራ አንድ እርማት ሰጥተውኛል፤ ለማስገባት ሁለት ሳምንት። ማታ ባለቤቴ ሌላ ካላንደር ገለበጠ።